የተመጣጠኑና ያልተመጣጠኑ ኃይሎች፦ ወላጆች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

እዚህ ሜሪላንድ ልጆች ሦስተኛ ክፍል ሲደርሱ አንድ የሳይንስ የቤት ሥራ ይዘው ይመጣሉ። አንድ ዕቃ ግፉ፣ ጎትቱ፣ የሆነውን ጻፉ፣ ከዚያ ኃይሎቹ «ባላንስድ» ናቸው ወይስ «አንባላንስድ» ብላችሁ መልሱ ይላል። አገር ቤት ሳለሁ ፊዚክስ አስተምር ነበር፤ አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ከጎረቤት ልጆች ጋር ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አሻንጉሊት መኪና ስጎትት እውላለሁ። ከታች ያሉት ወላጆች ደጋግመው የጠየቁኝ ናቸው። ቅደም ተከተላቸው እንደ መጽሐፍ አይደለም፤ ብዙ የሚያከራክረውን ወደ ፊት አምጥቼዋለሁ።

«ባላንስድ ፎርስ» እና «አንባላንስድ ፎርስ» በአማርኛ ምን ይባላሉ?

የተመጣጠኑ ኃይሎችና ያልተመጣጠኑ ኃይሎች በሏቸው። «ፎርስ»ን ጉልበት የሚሉ የአማርኛ መጻሕፍት አሉ፤ ስህተት አይደለም። ነገር ግን ጉልበት የሚለውን ቃል ለ«ኤነርጂ» የሚጠቀሙም ስላሉ፣ አንዱን መርጦ በዚያው መጽናት ልጁን ከመደናገር ያድነዋል። እኔ ኃይል እላለሁ፤ መግፋት ወይም መጎተት ማለት ነው፣ ሌላ ምሥጢር የለውም። ሁልጊዜ መጠንና አቅጣጫ አለው። «ስንት?» ብቻ ሳይሆን «ወዴት?» ተብሎም ይጠየቃል።

ሁሉም ኃይሎች ተደምረውና ተቀናንሰው የሚተርፈው የተጣራ ኃይል ይባላል። እንደ የተጣራ ደመወዝ አስቡት፦ ግብሩ፣ ኢንሹራንሱ፣ ጡረታው ሁሉ ተነስቶ ኪስ የሚገባው። ኃይል የሚለካው ኒውተን በሚባል መለኪያ ነው። አንድ ሳጥን ወደ ቀኝ በ50 ኒውተን፣ ወደ ግራ በ30 ኒውተን ቢገፋ የተጣራው 20 ኒውተን ወደ ቀኝ ነው። ሁለቱም 50 ቢሆኑ የተጣራው ዜሮ ይሆናል፤ የተመጣጠኑ የምንላቸው እነዚህን ነው። 1 ኒውተን ምን ያህል እንደሆነ በእጅ ለማወቅ፣ የአንድ ዶላር ኒክል፣ ማለትም 20 ሳንቲሞች፣ መዳፋችሁ ላይ አድርጉ። 100 ግራም ናቸው፤ እጃችሁን ወደ ታች የሚጫኑት በ1 ኒውተን ገደማ ነው።

እኛ ይህን የተማርነው ከፍ ካልን በኋላ ነው። ለስምንት ዓመት ልጅ አልፈጠነም?

ቀመር ቢሆን ኖሮ አዎ፣ ፈጥኗል እል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣውና ሜሪላንድም በዚያው ዓመት የተቀበለችው «ኔክስት ጀነሬሽን ሳይንስ ስታንዳርድስ» ግን ከሦስተኛ ክፍል ተማሪ ስሌት አይጠብቅም። የሚፈለገው ልጁ ራሱ ሙከራ አቅዶ እንዲሠራና የተመጣጠኑና ያልተመጣጠኑ ኃይሎች በዕቃ እንቅስቃሴ ላይ የሚያመጡትን ለውጥ በማስረጃ እንዲያሳይ ነው። ስለ ስበትም «ዕቃን ወደ ታች ይስባል» ካለ ይበቃዋል። ስለዚህ ለመርዳት ብላችሁ ቀመር አታስገቡበት። ይህን የምለው እኔ ራሴ አስገብቼ ስላየሁት ነው፤ ልጁ ቀመሩን በቃሉ ይዞ መኪናውን ማየት ተወ።

ኃይሎቹ ከተመጣጠኑ ዕቃው ቆሟል ማለት ነው፣ አይደል?

አይደለም። ከዚህ ገጽ አንድ መልስ ብቻ የምታነቡ ከሆነ ይህን አንብቡ።

የተመጣጠነ ኃይል ያለበት ዕቃ ቆሞ ከነበረ እንደቆመ ይቆያል፤ እየሄደ ከነበረም በዚያው ፍጥነት፣ በዚያው አቅጣጫ መሄዱን ይቀጥላል። ቀጥ ባለው የቤልትዌይ ክፍል መኪናችሁን በ55 ማይል አስተካክላችሁ ስትነዱ፣ ሞተሩ በጎማዎቹ በኩል ወደ ፊት የሚያስገኘው ግፊት አየሩና መንገዱ ወደ ኋላ ከሚይዙበት ኃይል ጋር እኩል ነው። የተጣራው ዜሮ ነው፤ መኪናው ግን ይሮጣል። ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ የሚበረው አውሮፕላን ውቅያኖሱ ላይ ከፍታውንና ፍጥነቱን ሲይዝም እንዲሁ ነው፦ ክንፉ ወደ ላይ የሚያነሳው ከክብደቱ ጋር፣ የሞተሩ ግፊት ከአየሩ ተቃውሞ ጋር ይጣጣማሉ። ለዚህ ነው አስተናጋጇ የቀዳችላችሁ ቡና ከስኒው የማይፈስሰው። ሰውነታችሁም ቡናውም ቤት ከመቀመጥ የተለየ ነገር አይሰማቸውም።

ስለዚህ ልጁን «ይንቀሳቀሳል ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁት። «ፍጥነቱ ወይም አቅጣጫው ተቀየረ ወይ?» በሉት። ከተቀየረ ያልተመጣጠነ ኃይል አለ፤ ካልተቀየረ የለም። የሚቀጥሉት መልሶች ሁሉ ይህችን ጥያቄ ይዘው ነው የሚሄዱት።

ታዲያ መግፋት ስናቆም ዕቃው ለምን ይቆማል?

ሰበቃ ስላለ ነው። በእንግሊዝኛው ፍሪክሽን የሚሉት። እኛ መግፋታችንን ስናቆም «ምንም ኃይል የለም» ብለን እናስባለን፤ ወለሉ ግን መያዙን አላቆመም። ወደ ፊት የሚገፋው ሲነሳ ወደ ኋላ የሚይዘው ብቻውን ቀረ። ያልተመጣጠነ ኃይል የተፈጠረው በዚያች ቅጽበት ነው፤ እሱም ዕቃውን አዘግይቶ ያቆመዋል።

ይህን መሳት የሚያሳፍር አይደለም። አርስቶትል ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው መቶ ዘመን፣ የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ አንቀሳቃሽ ያስፈልገዋል ብሎ አስተማረ፤ የተወረወረ ድንጋይ ከእጅ ከወጣ በኋላ የሚሄደውም አየሩ እየገፋው ነው አለ። በስድስተኛው መቶ ዘመን የእስክንድርያው ዮሐንስ ፊሎፖኖስ ይህን ተቃወመ። አየር የሚገፋ ከሆነማ፣ ድንጋይን በእጅ ከመወርወር ይልቅ ከኋላው አየርን ብቻ ብንነዳ አይበቃም ነበር? ሲል ሞገተ። እሱ ያመነው ወርዋሪው ለድንጋዩ የሆነ ብርታት እንደሚያሳድርበት ነው። ዛሬ ይህም ትክክል እንዳልሆነ እናውቃለን፤ ግን ነገሩን ከአርስቶትል እጅ ያስወጣው እንዲህ ያለው ክርክር ነው።

ጋሊልዮ ደግሞ ነገሩን በተዳፋት መረመረው። ኳስ ከአንድ ተዳፋት ተንከባሎ ወርዶ ፊት ለፊቱ ባለው ተዳፋት ላይ ወደተነሳበት ከፍታ ሊደርስ ምንም ያህል አይቀረውም። ሁለተኛውን ተዳፋት ዝቅ ብታደርጉት ያንኑ ከፍታ ፍለጋ ይበልጥ ይርቃል። ጨርሶ ብታስተኙትስ? የሚያቆመው ነገር ከሌለ አይቆምም። ቤት ውስጥ ይህን ለመሥራት ለቧንቧ መሸፈኛ የሚሸጠውን ረዥም ስፖንጅ በቁመቱ ለሁለት ሰንጥቁና ብይ አንከባሉበት። ከዚያ ብዩ የሚያርፍበትን ወለል እየቀያየራችሁ የሄደበትን ርቀት ለኩ፦ ፎጣ፣ ምንጣፍ፣ ከዚያ ልሙጥ ሴራሚክ። ልጁ ራሱ «የሚያቆመው ወለሉ ነው» እስኪል ድረስ እናንተ ዝም በሉ። ከባዱ ክፍል ይህ ነው፤ ዝም ማለቱ።

ኳሱ ከእግር ከተለየ በኋላ የተመታበት ኃይል አብሮት አይሄድም?

ይሄ የፊሎፖኖስ ሐሳብ ነው፤ አሥራ አምስት መቶ ዓመት አልፎትም በየቤቱ ይኖራል። በገና ጨዋታ ሩሯ በዱላ ስትመታ ኃይል የሚያርፍባት ዱላው በነካት ቅጽበት ብቻ ነው። ዱላው ከተለያት በኋላ ወደ ፊት የሚገፋት የለም። የያዘችው ፍጥነት እንጂ ኃይል አይደለም። ወደ ታች ስበት፣ ወደ ኋላ አየርና ሣር ይይዟታል፤ በቃ።

ልጆች የቀስት ሥዕል ሲሠሩ ወደ ፊት የምትሄድ ኳስ ላይ የግድ ወደ ፊት የሚያመለክት ቀስት ይጨምራሉ። «ይህን ቀስት ማን ነው የሚገፋው? በጣትህ አሳየኝ» በሉት። የሚነካ ነገር ካላገኘ፣ ስበትም ካልሆነ፣ ቀስቱ ይሰረዛል። መስመር የሚያስይዝ ዘዴ ነው፤ ከየትኛውም ማብራሪያ በላይ ሠርቶልኛል።

ለቤት የሚሆን ጥሩ ሙከራ የትኛው ነው?

እኔ የምወደው የመኪናና የኩባያ ሙከራ ነው። ጎማው ሳያስቸግር የሚዞር አሻንጉሊት መኪና፣ ሦስት ሜትር ክር፣ ሁለት የወረቀት ኩባያ፣ አሥር የሚያህሉ ኒክሎች፣ ፕላስተርና ስልክ ይበቃል። ኒክል የመረጥኩት እያንዳንዱ 5 ግራም ስለሆነ ነው፤ ሚዛን መግዛት አያስፈልግም።

ጠረጴዛው ላይ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ትንሽ ፕላስተር ለጥፉ። ክሩን ለሁለት ቆርጣችሁ አንዱን መኪናው ፊት እሰሩ፤ ክሩ በጠረጴዛው ጠርዝ አልፎ ኩባያው ይንጠልጠልበት። የክሩን ርዝመት ስታስተካክሉ ኩባያው ከወለሉ 30 ሳንቲ ሜትር ብቻ ከፍ ብሎ ይጀምር። ጠርዙ ሻካራ ከሆነ እዚያም ላይ ፕላስተር አድርጉ፤ አለበለዚያ ክሩ ይያዛል። ኩባያው ውስጥ ኒክል እየጨመራችሁ መኪናው በራሱ የሚነሳበትን ቁጥር ፈልጉ፣ ከዚያ ሁለት ጨምሩና መኪናውን ያዙት።

ከመልቀቃችሁ በፊት ልጁን ጠይቁት፦ ኩባያው ወለል ሲነካና ክሩ ሲረግብ መኪናው ምን ይሆናል? ወዲያው ይቆማል? እየፈጠነ ይሄዳል? ወይስ ሌላ? መልሱን ይጻፍ። ብዙዎቹ ልጆች «ይቆማል» ይላሉ፤ አባቶችም ከኋላ ሆነው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ልቀቁት። እስከ 30 ሳንቲ ሜትር መኪናው እየፈጠነ ይመጣል፤ ያልተመጣጠነ ኃይል ይጎትተዋልና። ኩባያው ሲያርፍ ግን መኪናው አይቆምም፤ ክሩን አርግቦ ይሄዳል፣ ቀስ እያለም ይዘገያል። ጠርዙ ጋ አንድ ሰው ይጠብቀው፣ ሁለት መኪና እንዲህ ሰብረናል። በስልኩ ስሎው ሞሽን ቅረጹትና ከአንዱ ፕላስተር እስከ ሌላው ስንት ጊዜ እንደወሰደበት ቁጠሩ። መጀመሪያ ጊዜው እያጠረ፣ ክሩ ከረገበ በኋላ ደግሞ እየረዘመ ይሄዳል።

ሁለተኛው ክፍል ደግሞ እንዲህ ነው። ሌላውን ክር ከመኪናው ኋላ እሰሩ፤ በጠረጴዛው በሌላኛው ጫፍ ሁለተኛውን ኩባያ አንጠልጥሉ፤ በሁለቱም አራት አራት ኒክል አድርጉ። ቆሟል። እስካሁን የሚያስገርም የለም። አሁን በጣታችሁ ገፋ አድርጉት። ትንሽ ሄዶ ይቆማል። ሰበቃ ነው። ስለዚህ በሚገፋበት በኩል ባለው ኩባያ አንድ ኒክል ጨምሩና እንደገና ገፋ አድርጉት፣ ካልበቃ ሌላ ጨምሩ። አንድ ቁጥር ላይ ስትደርሱ መኪናው ሳይፈጥን ሳይዘገይ ይሄዳል። የጨመራችሁት የሳንቲም ክብደት ሰበቃውን ልክ አጥፍቶታል። ኃይሎቹ ተመጣጥነዋል፣ መኪናው ግን እየሄደ ነው። ያቺን ቅጽበት ለማየት አንድ ሰዓት ቢፈጅም ይገባዋል።

መምህሯ «አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ» ትላለች። ለምን?

ኒክሉንም መኪናውንም ጠረጴዛውንም አንድ ላይ ከቀየራችሁ ለውጡን ያመጣው የትኛው እንደሆነ አታውቁም። ወጥ ውስጥ ጨውም በርበሬም ቅመምም በአንድ ጊዜ ጨምሮ «ያጣፈጠው የቱ ነው?» እንደማለት ነው። የኃይሉን መጠን የምትመረምሩ ከሆነ ኒክሉ ብቻ ይቀየር፤ መነሻው ቦታ፣ መኪናው፣ ክሩ እንዳሉ ይሁኑ። እያንዳንዱንም ቢያንስ ሦስት ጊዜ ድገሙት።

ውጤታችን ከሚጠበቀው ጋር ካልገጠመስ?

ያገኛችሁትን ጻፉ። አንድ ቅዳሜ አንድ ልጅ ብዙ ኒክል ያለበት መኪና ከትንሹ ይልቅ ዘገየበት። አባቱ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ቁጥሩን እናስተካክልለት?» አሉኝ። አላስተካከልንም። መኪናውን ገልብጠን ስናይ የኋላ ጎማው ዘንግ ላይ የሰው ፀጉር ተጠምጥሞበታል፤ በየሙከራው እየጠበቀ ሄዶ ነበር። ልጁ ሪፖርቱ ላይ የፀጉሩን ሥዕል ሳለ። ስለ ሰበቃ የጻፈው ከሌሎቹ ልጆች ሁሉ የተሻለ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ቁጥር ሲበላሽ መጀመሪያ የሚታዩት እነዚህ ናቸው፦ ጠረጴዛው ወደ አንድ በኩል አዘንብሏል፣ ክሩ ከመኪናው ጋር ቀጥ አላለም፣ ልጁ ሲለቅቀው ሳያውቀው ገፍቶታል። የመጨረሻው በጣም የተለመደ ነው። መኪናውን በእጅ ከመያዝ ፊቱ ላይ እርሳስ አጋድሞ እርሳሱን ብድግ ማድረግ ይሻላል።

በገመድ ጉተታ የሚያሸንፈው ገመዱን አብልጦ የሚጎትተው አይደለም?

የክፍል ውስጥ ሥዕሉ እንደዚያ ይላል፤ ለሦስተኛ ክፍል እለፉት። እውነቱ ግን ይበልጥ ያዝናናል። ገመዱ ቀላል ስለሆነ ሁለቱን ጫፎቹን የሚጎትተው በእኩል ኃይል ነው ማለት ይቻላል። ልዩነቱ ያለው እግር ሥር ነው፦ መሬቱን በርትቶ የሚገፋ፣ መሬቱም መልሶ በርትቶ የሚገፋው ቡድን ያሸንፋል። ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ አባት ካልሲ ብቻ አድርጎ ሴራሚክ ላይ ይቁም፣ ልጅ ስኒከር ይልበስ። እኔ በስምንት ዓመት ልጅ ተሸንፌ ወጥ ቤቱን አቋርጫለሁ።

እያንዳንዱ ግፊት እኩል አጸፋ ካለው ሁሉም ነገር ተመጣጥኖ መቆም አልነበረበትም?

ይህ ጥያቄ የሚመጣው ትንሽ ካነበበ ወላጅ ነው፤ ጥሩ ጥያቄም ነው። ቢሾፍቱ ወይም ባሕር ዳር ያያችሁትን ጋሪ አስቡ። ፈረሱ ጋሪውን ወደ ፊት ይጎትታል፤ ጋሪውም ፈረሱን በእኩል ኃይል ወደ ኋላ ይጎትታል። ታዲያ እንዴት ይሄዳሉ?

ሁለቱ ኃይሎች ያረፉት በሁለት የተለያዩ አካላት ላይ ስለሆነ አይጠፋፉም። አንዱ ጋሪው ላይ ነው፣ አንዱ ፈረሱ ላይ። መመጣጠን የምንለው አንድ ዕቃ ላይ የሚያርፉትን ብቻ ቆጥረን ነው። የእኔ ገንዘብና የጎረቤቴ ዕዳ እንደማይቀናነሱ ሁሉ ማለት ነው። ጋሪውን ለብቻው ውሰዱት፦ ወደ ፊት የፈረሱ ጉተታ፣ ወደ ኋላ የጎማውና የዘንጉ ሰበቃ። ጉተታው ከበለጠ ጋሪው ይነሳል። ፈረሱን ለብቻው ውሰዱት፦ ወደ ኋላ የጋሪው ጉተታ፣ ወደ ፊት ደግሞ ኮቴው መሬቱን ወደ ኋላ ሲገፋ መሬቱ መልሶ የሚገፋው። ክረምት ላይ ጭቃ ውስጥ ፈረሱ ብርቱ ሆኖ ሳለ ጋሪው የማይነቃነቀው ለዚህ ነው፤ ኮቴው የሚገፋው ጠንካራ ነገር አጥቷል።

ለልጁ የሚሰጠው መመሪያ አጭር ነው፦ መጀመሪያ አንድ ዕቃ ምረጥ፣ ዙሪያውን በእርሳስ ክበብ አድርግበት፣ ከዚያ በዚያ ዕቃ ላይ የሚያርፉትን ቀስቶች ብቻ ሳል። ትልቅ ኃይል ረዥም ቀስት፣ ትንሽ ኃይል አጭር ቀስት።

ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ መጽሐፍ ላይ ሁለት ቀስት ለምን ይሳላል? ጠረጴዛ ይገፋል እንዴ?

ይገፋል። ስበት መጽሐፉን ወደ ታች ይስበዋል፤ ጠረጴዛው በእኩል ኃይል ወደ ላይ ይደግፈዋል። ካላመናችሁ መጽሐፉን ለስላሳ ፍራሽ ላይ አስቀምጡት፤ ፍራሹ ይሰረጉዳል፣ እንደ ስፕሪንግ ተጨምቆም መልሶ ይገፋል። ጠረጴዛውም በዓይን በማይታይ መጠን ይሰረጉዳል።

ፍጥነቱ ሳይቀየር ቢታጠፍስ?

ያልተመጣጠነ ኃይል አለ። ፍጥነት ቢጸና እንኳ አቅጣጫ ከተቀየረ የሆነ ነገር ወደ ጎን ገፍቶታል ማለት ነው። መኪና ሲታጠፍ ጎማዎቹን ወደ መታጠፊያው ውስጥ የሚገፋቸው የመንገዱ ሰበቃ ነው፤ በረዶ ሲኖር መኪናው የማይታጠፈው ያ ኃይል ስለጠፋ ነው።

በልጅነቱ ወንጭፍ ያዞረ ይህን በእጁ ያውቀዋል። ድንጋዩ እየዞረ ሳለ ገመዱ ወደ እጅ ይስበዋል። ሲለቀቅ ድንጋዩ በዚያች ቅጽበት ፊቱን ወዳዞረበት በቀጥታ ይሄዳል፤ ከእጅ ወደ ውጭ ተስፈንጥሮ አይደለም። ወፍ ጠባቂ ልጆች መቼ መልቀቅ እንዳለባቸው የሚያውቁት ለዚህ ነው። ታክሲ ውስጥ ስንታጠፍ ወደ ውጭ «የሚገፋን» የሚመስለንም እንዲሁ ነው፤ ሰውነታችን ቀጥ ብሎ ሊሄድ ሲል በሩ መጥቶ ያገኘዋል።

የሚወድቅ ነገር ላይ ኃይሎች ሊመጣጠኑ ይችላሉ?

አዎ፣ እየወደቀም ቢሆን። ከአውሮፕላን የዘለለ ሰው መጀመሪያ ክብደቱ ከአየሩ ተቃውሞ ስለሚበልጥ እየፈጠነ ይወርዳል። ሲፈጥን የአየሩ ተቃውሞም ያድጋል። በሆዱ ተዘርግቶ ከወረደ በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲደርስ ሁለቱ እኩል ይሆናሉ፤ ከዚያ ወዲያ አይፈጥንም። ጃንጥላው ሲከፈት ደግሞ የአየሩ ተቃውሞ ከክብደቱ ይበልጣል። የተጣራው ኃይል ወደ ላይ ነው፤ ሰውየው ግን አሁንም ወደ ታች ይሄዳል፣ እየዘገየ። በቪዲዮ ወደ ላይ የተስፈነጠረ የሚመስለው አብሮት የዘለለው ቪዲዮ አንሺ በድሮው ፍጥነት መውረዱን ስለቀጠለ ነው።

በቤት የቡና ማጣሪያ ወረቀት ከወንበር ላይ ጣሉ። ትንሽ እንደወረደ ፍጥነቱ አንድ ዓይነት ይሆናል። አራቱን ደራርባችሁ ብትጥሉ ፈጥነው ይወርዳሉ። (በጀበና ብቻ የሚያፈላ ቤት ማጣሪያ ወረቀት ከጎረቤት ይለምናል።) አየር ከሌለ ይህ ልዩነት ይጠፋል፦ እ.ኤ.አ. በ1971 የአፖሎ 15 ጠፈርተኛ ዴቪድ ስኮት ጨረቃ ላይ ቆሞ መዶሻና የወፍ ላባ በአንድ ጊዜ ለቀቀ፤ እኩል አረፉ። ቪዲዮውን ለልጆቹ አሳዩ፤ አንድ ደቂቃም አይፈጅም።

ታላቅ እህቷ ሰባተኛ ክፍል ናት። ለእሷ ምን ይጨመራል?

መጠነ ቁስ፣ በእንግሊዝኛው ማስ የሚሉት፤ በኪሎ ግራም የሚለካው። ያው ኃይል ባዶ መኪናንና ድንጋይ የጫነ መኪናን እኩል አያፈጥንም። ሳይንቲስቱ ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1687 ባሳተመው መጽሐፉ የሠራበት ሕግ ነው፦ የተጣራውን ኃይል ለመጠነ ቁሱ ማካፈል። 2 ኪሎ ግራም ዕቃ ላይ 6 ኒውተን የተጣራ ኃይል ቢያርፍ ፍጥነቱ በየሰከንዱ 3 ሜትር በሰከንድ ይጨምራል። የመኪናና የኩባያውን ሙከራ መኪናው ላይ ሳንቲም እየለጠፈች ትድገመው፤ በኩባያው ያለው ግን አይነካ።

ሰበቃ ጨርሶ የሌለበት ቦታ የለም፤ ታዲያ ይህ ሁሉ በሐሳብ ብቻ አይደለም?

ለዚያ የሚቀርብ ቦታ አለ። ቮዬጀር 1 የተባለው ሰው አልባ የጠፈር መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በ1977 ተመጠቀ። ፍጥነቱን ያገኘው ከሮኬቱና በጁፒተርና በሳተርን አጠገብ ሲያልፍ ከስበታቸው ነው። ከዚያ ወዲህ ትንንሾቹ ሞተሮቹ የሚሠሩት አንቴናውን ወደ መሬት ለማዞር ነው እንጂ ለመግፋት አይደለም። በሰከንድ 17 ኪሎ ሜትር ገደማ እየሄደ ነው። የፀሐይ ስበት ከኋላ ስለሚይዘው በጣም በጥቂቱ ይዘገያል፤ ስለዚህ በጥብቅ አነጋገር ኃይሎቹ አልተመጣጠኑም። ይህን ለልጆቹ ስነግራቸው አንዷ «ነዳጁ ሲያልቅ ይቆማላ?» አለችኝ። የመኪናውን ክር አረገብኩና ሰጠኋት።